«ውዝፍ ግብር አለብህ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ምን ይደረጋል?

ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥም ሆነ በንፋስ መውጫ፣ በአዲስ ዘመን፣ በወረታና በእብናት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ወደ ሱቅ እንደሚገባ የገቢ ሠራተኛ ነጋዴን የሚያስደነግጥ ሰው ጥቂት ነው፡፡ በተለይ ወረቀቱ «ውዝፍ ግብር» የሚል ቃል ካለበት ገዢው ተረስቶ ሚዛኑ በእጅ እንደተያዘ ይቀራል፡፡ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በጉና ተራራ ዙሪያ ላለነው ሰዎች የንግዱ ገበያ የሚቀዘቅዝበት፣ ገበሬው እህሉን ጨርሶ አዲሱን የሚጠብቅበት፣ ከገጠር ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ በጭቃ የሚያዝበት ጊዜ ነው፡፡ የግብር መክፈያው ወቅት የሚጀምረው እዚሁ ላይ በመሆኑ ድንጋጤው እጥፍ ይሆናል፡፡

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፡፡ ክረምት በገባ ቁጥር «ልጄ፣ እስኪ ይህን ወረቀት አንብብልኝ» የሚሉኝ እናቶችና «ወንድሜ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው?» የሚሉኝ ባለሱቆች ብዙ ናቸው፡፡ ከእነዚህ ሰዎች ያየሁት ነገር ቢኖር ወረቀቱ የደረሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን እንደሚያደርግ ነው፡፡ አንዱ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከተውና ዝም ይላል፡፡ ሌላው መ/ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ወይም «ላስጨርስልህ» የሚል ደላላ ፍለጋ ይሮጣል፡፡ ሦስተኛው ደግሞ ስሌቱን ሳይጠይቅ ተበድሮ ይከፍላል፡፡ ሦስቱም መንገዶች ይጎዳሉ፡፡ አራተኛውና ሕጉ የሚያውቀው መንገድ ግን አለ፤ እሱም ወረቀቱን አንብቦ፣ ቀን ቆጥሮ፣ በጽሑፍ መመለስ ነው፡፡ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ አራተኛ መንገድ ነው፡፡

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል በአገራችን ለዘመናት የኖረ ነው፡፡ ግብር ሲጣል ሰው የሚያውቀው ሁለት ምርጫ ነበር፤ ወይ መገበር ወይ መሸፈት፡፡ በጎረቤታችን በጎጃም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገበሬው «መሬታችን ሊለካብን፣ ርስታችን ሊነጠቅ ነው» ብሎ ተነሳ፡፡ መንግሥትም ጦርና አውሮፕላን ላከ፡፡ በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ፡፡ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት አንዱ ምክንያት፣ ገበሬው «ይህ አልገባኝም፣ ይህ በዝቶብኛል» ብሎ የሚከራከርበትና የሚያምነው በር ስላልነበረው ነው ብዬ አምናለሁ፡፡

ቅርብ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር አይተናል፡፡ በ2009 ዓ.ም. ክረምት የአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲደረግ በአምቦ፣ በወሊሶና በአዲስ አበባ አንዳንድ አካባቢዎች ሱቆች ተዘጉ፡፡ «በቀን ይህን ያህል ሸጥኩ ብዬ በሕልሜም አላየሁ» የሚለው ሮሮ አገሩን ሞላው፡፡ በዚያን ጊዜ ቅሬታቸውን በጽሑፍ አስገብተው የተከራከሩ ነጋዴዎች ብዙ ነበሩ፡፡ ሱቅ መዝጋት ቁጣን ይገልጻል፤ ግምትን የሚያስለውጠው ግን ወረቀት ነው፡፡

ወረቀቱ የማን ነው? ምን ዓይነትስ ነው?

በመጀመሪያ ደብዳቤው ከየት እንደመጣ ይታይ፡፡ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴዎችንና የገበሬዎችን ግብር የክልል ገቢ አድርጎታል፡፡ ስለዚህ በደብረ ታቦር የሚነግድ ግለሰብ ጉዳዩ ከከተማው ወይም ከወረዳው ገቢዎች መ/ቤትና ከበላዩ ካለው የክልሉ ገቢዎች ቢሮ ጋር ነው፡፡ ክልሉም የራሱ የግብር ሕግ አለው፡፡ እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና መቶኛዎች በ2008 ዓ.ም. ከወጣው የፌደራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የተወሰዱ ናቸው፡፡ ወረቀቱ ከክልል መ/ቤት የመጣ ከሆነ በላዩ ላይ የተጠቀሰውን አዋጅና አንቀጽ አይቶ፣ ቀኑ ያው መሆኑን እዚያው ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፡፡

ቀጥሎ የወረቀቱ ዓይነት ይለይ፡፡ ከገቢ መ/ቤት የሚመጣ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም፡፡ አንዳንዱ «ገቢህን አላሳወቅክም፣ ቀርበህ አሳውቅ» የሚል ጥሪ ነው፡፡ ሁለተኛው «ግብርህ ይህን ያህል ሆኖ ተወስኗል» የሚል የውሳኔ ማስታወቂያ ነው፡፡ ሦስተኛው ደግሞ «ውሳኔው ጸንቷል፣ ካልከፈልክ ንብረትህ ይያዛል ወይም ሱቅህ ይታሸጋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፡፡ ለመጀመሪያው መልሱ ማሳወቅ ነው፤ ለሁለተኛው መቀበል ወይም መቃወም ነው፤ ሦስተኛው ላይ ከተደረሰ ግን ጊዜው አልፏል ማለት ይቻላል፡፡ የዚያን ጊዜ የሚቀረው የክፍያ ስምምነት መጠየቅ ወይም «ሁለተኛው ወረቀት አልደረሰኝም» ካሉ ያንን ማስረዳት ነው፡፡ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዚህ ነው፡፡

ወረቀቱ ላይ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የግብር ዘመን፣ የግብሩ ዓይነት፣ ፍሬ ግብሩ፣ ወለዱና መቀጫው ለየብቻ መገለጽ አለባቸው፡፡ ጠቅላላ ድምር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ከደረሳችሁ ዝርዝሩ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፡፡ የስም መመሳሰልም አለ፡፡ በእኛ አካባቢ ስሙም የአባቱ ስምም አንድ የሆነ ሰው በአንድ ቀበሌ ሁለትና ሦስት መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም፡፡ መለያ ቁጥሩን ሳታመሳክሩ የሌላ ሰው ዕዳ ላይ አትጨነቁ፡፡

ሃያ አንዱ ቀን

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳው በቀን ነው፡፡ በአዋጁ መሠረት በግብር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ማስታወቂያው ከደረሰው ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፡፡ በሕመም፣ ከአገር ውጭ በመሆን ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ካልቻለ፣ 21ዱ ቀን ከማለቁ በፊት በጽሑፍ ጠይቆ እስከ 10 ቀን ሊጨመርለት ይችላል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፡፡ በግምት የተወሰነ ግብር ሲመጣ ለመክፈል የሚሰጠው ጊዜ ከ30 ቀን ያላነሰ ነው፡፡ ሰው ወረቀቱ ላይ 30 ቀን የሚለውን ያይና «ገና ነው» ብሎ ይቀመጣል፡፡ በ28ኛው ቀን ለመከራከር ሲሄድ ግን በሩ ተዘግቷል፡፡ ለመክፈል 30፣ ለመቃወም 21 ብላችሁ ያዙ፡፡

ሌላው ጳጉሜ ነው፡፡ ደመወዝ የማይቆጠርባት ወር ስለሆነች ቀኗም የማይቆጠር የሚመስለው አለ፡፡ ማስታወቂያው ነሐሴ 20 የደረሰው ሰው 10 ቀን በነሐሴ፣ 5 ቀን በጳጉሜ፣ 6 ቀን በመስከረም ቆጥሮ መስከረም 6 ላይ 21 ይሞላበታል፡፡ እንቁጣጣሽ በመሀል አለ፤ የመጨረሻዋን ቀን መጠበቅ ደግ አይደለም፡፡ ወረቀቱን ስትቀበሉም ከፊርማችሁ ጎን የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይም እንዲሁ፡፡ «አልቀበልም» ብሎ መመለስ ቀኑን አያስቆመውም፡፡

ስሌቱን አስቀምጡ

ብዙው ክርክር የሚነሳው ከግምት ነው፡፡ መዝገብ የማይይዝ አነስተኛ ነጋዴ አማካይ የቀን ሽያጩ ተገምቶ በሥራ ቀን ይባዛል፤ የዓመቱ ሽያጭም በየዘርፉ በተዘጋጀ መለኪያ ወደ ግብር ይለወጣል፡፡ ለማሳያ ያህል እንዲህ እናስላ፡፡ አንዲት ባለሱቅ በእርግጥ በቀን 1,000 ብር ትሸጣለች እንበል፡፡ በ300 ቀን ሲባዛ 300,000 ብር ይሆናል፡፡ ከዚህ 10 በመቶው ትርፍ ነው ብለን ብንይዝ 30,000 ብር ነው፡፡ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መጣኔ 15 በመቶ ወስደን 1,710 ብር ስንቀንስ ግብሩ 2,790 ብር ይመጣል፡፡ ገማቾቹ በቀን 1,500 ብር ካሉ ደግሞ ሽያጩ 450,000፣ ትርፉ 45,000 ይሆናል፤ መጣኔውም ወደ 20 በመቶ ይወጣና 3,630 ብር ተቀንሶ ግብሩ 5,370 ብር ይደርሳል፡፡ ግምቱ በግማሽ ሲጨምር ግብሩ ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው፡፡

በዚህ ላይ መቀጫ ይመጣል፡፡ በአዋጁ መሠረት ዘግይቶ ለሚከፈል ግብር ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ይታሰባል፡፡ አንድ ዓመት ሙሉ የቆየ 5,370 ብር 27 በመቶ፣ ማለትም 1,449 ብር ከ90 ሳንቲም መቀጫ ይወልዳል፡፡ ወለዱ ደግሞ ለብቻው ነው፤ የሚታሰበውም በአገሪቱ ከፍተኛ በሆነው የባንክ ማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ነው፡፡ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት በየወሩ ይከብዳል የምለው ለዚህ ነው፡፡

ገማቾች የመጡበት ጊዜም ይታሰብ፡፡ በጥር የገበያ ቀን መጥቶ የታየ ሱቅና በሐምሌ ዝናብ የታየ ሱቅ አንድ አይደሉም፡፡ ገበሬው ጤፉን፣ ገብሱንና ድንቹን ሸጦ የሚገዛበት ወር የዓመቱ አማካይ ሊሆን አይችልም፡፡ ይህንን በቃል «በዝቶብኛል» ከማለት ይልቅ የአራት ወር የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ ወይም የቴሌብር መግለጫ፣ የቤት ኪራይ ውል አስደግፎ ማስረዳት ይቻላል፡፡ ደግሞም ግምቱ ስህተት መሆኑን የማስረዳት ግዴታ በሕጉ የተጣለው በግብር ከፋዩ ላይ ነው፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፡፡ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 የድሮዎቹን ደረጃዎች ለውጧል፤ ደረጃ «ሐ» ቀርቶ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ «ለ» ተብሏል፡፡ ውዝፍ ግን የሚሰላው በዘመኑ በነበረው ሕግ በመሆኑ የ2014 ዓ.ም. ዕዳ በአዲሱ መጣኔ ተሰልቶ ቢመጣ መጠየቅ ይገባል፡፡

ዘግቼዋለሁ የተባለ ንግድ

ከማያቸው ውዝፎች ውስጥ ብዙዎቹ የሚነሱት ሱቁን ዘግቶ ፈቃዱን ካልመለሰ ሰው ነው፡፡ ወጣቱ በእስቴ ወይም በጋይንት ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ቆልፎ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል፡፡ በእሱ ሐሳብ ንግዱ አብቅቷል፡፡ በመዝገብ ላይ ግን ፈቃዱም መለያ ቁጥሩም ሕያው ናቸው፤ በየዓመቱም ግብር ይወሰንበታል፡፡ ከአምስት ዓመት በኋላ ቤት ሊሸጥ ወይም አዲስ ፈቃድ ሊያወጣ ክሊራንስ ሲጠይቅ ዕዳው ቁልል ሆኖ ይጠብቀዋል፡፡ ሕጉ ንግዱን ያቆመ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ምዝገባው እንዲሰረዝ እንዲያመለክት ያዝዛል፡፡ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ዝም ከማለት፣ ሱቁ የተመለሰበትን የኪራይ ውል፣ የመብራት ቆጣሪ የተዘጋበትን ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤና ሌላ ቦታ የተቀጠረበትን ውል ይዞ መቅረብ ይሻላል፡፡

ያለፉት ክፉ ዓመታት

ስለ ደቡብ ጎንደር ውዝፍ ስናወራ ጦርነቱን መዝለል አይቻልም፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ንፋስ መውጫ ዘልቆ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ደብረ ታቦርም የከባድ መሣሪያ ጥይት ወድቆባታል፡፡ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፡፡ መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ንግድ እንዴት እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፡፡ ነገር ግን በኮምፒውተር የሚወጣ የውዝፍ ዝርዝር ይህንን አያውቅም፤ ያለፈውን ዓመት ግምት ደግሞ ሊያመጣ ይችላል፡፡ ስለዚህ የተዘጋባችሁን ወራት፣ የተዘረፈውን ዕቃ፣ በጊዜው ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ያስመዘገባችሁትን ሁሉ ማውጣትና ከዚያ የግብር ዘመን ጋር ማያያዝ የእናንተ ሥራ ነው፡፡ እያንዳንዱ ዓመት ለብቻው መልስ ይፈልጋል፡፡

ምሕረት የተደረገባቸውን ዓመታትም አስታውሱ፡፡ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የፌደራል መንግሥት እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረውን የግብር ዕዳ እንደሚሰርዝ፣ ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ደግሞ ወለድና መቀጫውን እንደሚያነሳ አስታውቆ ነበር፡፡ ወረቀታችሁ ላይ እነዚህን ዓመታት ካያችሁ ምሕረቱ የእናንተን ዓይነት ግብር ይመለከት እንደነበር በጽሑፍ ጠይቁ፡፡

መልሱ እንዴት ይጻፍ?

የማመልከቻ ጸሐፊዎች በአፋችን ያስገቡልን «በታላቅ ትሕትና፣ ልጆቼን በትኜ፣ ባዶ እጄን ቀርቼ» የሚለው ልመና ልብ ይነካ ይሆናል፤ ቅሬታ አጣሪው የሚፈልገው ግን ሌላ ነው፡፡ ሕጉ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የተቃወማችሁበትን ነጥብ በትክክል መጥቀስ፣ ምን እንዲስተካከል እንደምትፈልጉ መግለጽና ምክንያቱን ማስረዳት፡፡ የማትከራከሩበት ክፍል ካለ ደግሞ እሱን አስቀድሞ መክፈል ያስፈልጋል፡፡ ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የ2014 ዓ.ም. የግብር ውሳኔን ስለመቃወም፡፡ በመለያ ቁጥሬ የተወሰነው ግብር ሐምሌ 5 ቀን ደርሶኛል፡፡ ከተወሰነው 5,370 ብር ውስጥ 2,790 ብሩን አምኜ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል፡፡ የምቃወመው የቀን ሽያጬ 1,500 ብር መባሉን ነው፡፡ ምክንያቴም አንደኛ፣ የዓመቱ ግዢዬ በደረሰኝ ሲደመር ከዚህ ያነሰ መሆኑ፣ ሁለተኛ፣ ሱቁ ለሁለት ወር ተዘግቶ መቆየቱ ነው፡፡ ማስረጃዎቹ ከ1 እስከ 6 ተያይዘዋል፡፡ የቀን ሽያጩ 1,000 ብር ተብሎ እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ፡፡»

በዚህ ምሳሌ ቅሬታው እስከ ሐምሌ 26 መግባት አለበት፡፡ በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፡፡ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጋችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፡፡ «ለኃላፊው በቃል ነግሬዋለሁ» የሚለው ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፡፡ ዋናውን ማስረጃ አትስጡ፤ ቅጂውን አስገብታችሁ ዋናውን ለማመሳከሪያ አሳዩ፡፡

ዕዳው እውነት ከሆነስ?

ስሌቱ ትክክል ሆኖ ገንዘቡ ከሌለ መደበቅ አያስፈልግም፡፡ አዋጁ በጽሑፍ ለጠየቀ ሰው የመክፈያ ጊዜ ማራዘምን ወይም በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈልን ይፈቅዳል፡፡ ወለዱ ግን አይቆምም፤ አንዱን ክፍያ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ቀሪውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፡፡ ስለዚህ ከአቅም በላይ ቃል አትግቡ፡፡ ገበሬው እህል በሚሸጥበት በታኅሣሥና በጥር ከፍ፣ በክረምት ዝቅ የሚል የክፍያ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ማቅረብ ከባዶ ልመና ይሻላል፡፡ ክፍያውም በመ/ቤቱ በተሰጠው ሒሳብ ብቻ ይፈጸም፤ ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝም ይወሰድ፡፡ «ከገቢዎች ነው የምደውለው፣ በዚህ ስልክ ላክ» ለሚል ሰው አንድ ብር አትላኩ፡፡

ቅሬታው ውድቅ ቢሆን ጉዳዩ አያበቃም፡፡ በአዋጁ መሠረት ውሳኔው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ማመልከት ይቻላል፡፡ ቅሬታው በገባ በ180 ቀን ውስጥ መልስ ካልተሰጠም ዝምታውን እንደ ምክንያት ይዞ በቀጣዩ 30 ቀን መሄድ ይቻላል፡፡ ነገር ግን ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶውን ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲቀጥል 75 በመቶ ይደርሳል፡፡ ለትንሽ ነጋዴ ይህ ከባድ በር ነው፡፡ በእኔ አስተያየት ሕግ አውጪዎች ቢያንስ ለአነስተኛ ግብር ከፋዮች ሊያዩት የሚገባ ነው፡፡ እስከዚያው ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ በነጻ የሚከራከሩበት ደረጃ የመጀመሪያው ስለሆነ ጉልበታችሁንና ማስረጃችሁን እዚያ ላይ አፍስሱ፡፡

ግብር መክፈል ግዴታ ነው፤ መንገዱም፣ ሆስፒታሉም፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤትም ከዚያው ይወጣል፡፡ የተሳሳተ ግብርን በሕግ መቃወምም መብት ነው፡፡ በእኛ አካባቢ የግብር ደረሰኝ ለመሬት ክርክር ሳይቀር ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ የኖረ ወረቀት ነውና ሽማግሌዎች ደረሰኝን ከርስት ሰነድ ጋር አስረው ያስቀምጡ ነበር፡፡ ነጋዴውም ያንን ልማድ ቢይዝ መልካም ነው፡፡ የግዢ ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የከፈላችሁበት ወረቀት ቢያንስ ለአምስት ዓመት በአንድ ፌስታል ይቀመጥ፡፡ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ወረቀቱ ሲመጣ አውጡት፤ ቀኑን ቁጠሩ፤ በጽሑፍ መልሱ፡፡